የፎገራ ሜዳ የክረምት ማግሥት እንግዶች
ወፍን መመልከትና ፎቶ ማንሳት ለአርሶ አደሩ ገቢ የሚሆነው ረግረጉ ሲጠበቅ ነው

የጣና ሐይቅን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ከሩቅ አገር እንግዶች ይመጡበታል። ሩዙ ደርሶ ማጭድ ሲወጣ፣ የጉማራና የርብ ወንዞች ሙላት ሲጎድል፣ ረጅም አንገትና ረጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች በሰልፍ እየጮኹ ሜዳው ላይ ይወርዳሉ። በሳይንሱ ዓለም ክሬን ተብለው ይጠራሉ። የሚራቡት በሰሜንና ምሥራቅ አውሮፓ እንዲሁም በሩሲያ ረግረጎች ነው። እዚያ ውኃው በረዶ ሲሆን በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል አልፈው ወደ እኛ አገር ይመጣሉ፤ የበጋውን ወራት እዚሁ አሳልፈው በየካቲትና በመጋቢት ይመለሳሉ። በጣና ዙሪያ የሚውሉት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

ከእነዚህ እንግዶች ጋር የቤት ልጆችም አሉ። ራሱ ላይ እንደ ዘውድ የቆመ ወርቃማ ላባ ያለው ጥቁሩ ክሬን ዓመቱን ሙሉ አገሩን አይለቅም። በክረምት በረግረጉ ሣር መካከል ጎጆውን ሠርቶ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ይጥላል። ቁጥሩ በአፍሪካ ደረጃ እየቀነሰ በመምጣቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለአደጋ የተጋለጠ ተብሎ ተመዝግቧል። ፔሊካኑ፣ ሳቢሳው፣ ሽመላው፣ ይብራውና ዓሣ በል ንስሩ ሲጨመሩ የጣና ዳርቻ ከኢትዮጵያ የወፍ ሀብት ከፍተኛውን ድርሻ ከያዙ ቦታዎች አንዱ ነው። በአገራችን እስካሁን የተመዘገቡት የወፍ ዝርያዎች ከ850 በላይ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ መካከል በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ አሉ።

ይህን ሀብት ለማየትና ፎቶ ለማንሳት ብቻ ከአገር አገር የሚዞር ሰው በዓለም ላይ ጥቂት አይደለም። ሕንፃና ሐውልት አይፈልግም። የሚፈልገው ወፉ በተፈጥሮ ቦታው ቆሞ እንዲያገኘው ነው። ስለዚህ ጎብኚው የሚከፍልበት ነገር ያለው አርሶ አደሩ እጅ ላይ ነው፤ ውኃ የሚተኛበት መሬት፣ የታጨደ ማሳና ያልተቆረጠ ደንገል ነው። ጥያቄው ይህ መሬት ነገም ይኖራል ወይ የሚለው ነው፤ ቢኖርስ የጎብኚው ገንዘብ ለመሬቱ ጠባቂ ይደርሰዋል ወይ?

ወፉ የሚያድርበትና የሚውልበት

ክሬን የሚያድረው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ ነው። ጅብም ሆነ ቀበሮ ውኃውን ሳያንቦጫርቅ ሊደርስበት ስለማይችል ቀድሞ ይነቃል። ሲነጋ ተነስቶ ወደታጨደው ማሳ ይሄዳል፤ ማጭድ ያመለጠውን፣ አውድማ ላይ የተረፈውን ይለቅማል። ሲመሽ ወደ ውኃው ይመለሳል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ወፉ አይቆይም። ማሳ ብቻ ይዞ ውኃ የሌለው ቀበሌ፣ ውኃ ብቻ ይዞ ቃርሚያ የሌለው ቀበሌ ክሬን አያሳድርም።

በፎገራ የሚገኙት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ቀድሞ በክረምት የሞላው ውኃ እስከ በጋው ድረስ ይቆይባቸው ነበር። ባለፉት አሥርት ዓመታት ውኃው እየተጠለፈ ለመስኖ ሲውልና ዳር ዳሩ ሲታረስ ስፋታቸው በእጅጉ ቀንሷል። በሐይቁ ዳርም ውኃው ሲሸሽ የሚገኘው ባሕር ሸሽ መሬት እየታረሰ ወደ ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እንቦጭ ሲጨመርበት የወፎቹ ማደሪያ ከሁለት አቅጣጫ ጠቧል፤ ከየብሱ በማረሻ፣ ከውኃው በአረም።

የሚያርሰውን ሰው መውቀስ ቀላል ነው። መሬት የሌለው ወጣት በየቀበሌው አለ፤ የረግረግ አፈር ደግሞ ለም ነው። ሆኖም ረግረግ ሲደርቅ የሚጠፋው ወፍ ብቻ እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል። የፎገራ ከብት በበጋ የሚግጠው ለምለም ሣር ከዚያ ነው። ጎርፍ ያመጣው ደለል ሐይቁ ከመግባቱ በፊት የሚጣራው እዚያ ነው። ዓሣ ከሚራባባቸው ቦታዎችም አንዱ ነው። የጉድጓድ ውኃ እንዳይርቅ የሚረዳውም ይኸው ረግረግ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው አባባል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ጠላት ነው ወይስ ወዳጅ?

ለአርሶ አደር ወፍ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ግሪሳ ነው። ልጆቹን ማማ ላይ አስቀምጦ በወንጭፍ ያስጠበቀ ሰው ስለ ወፍ ውበት ቢነገረው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ሁሉም ወፍ ግሪሳ አይደለም። ከከብት እግር ሥር የማይጠፉት ነጫጭ ወፎች የሚለቅሙት ፌንጣና ሌላ ነፍሳት ነው። ጉጉትና ጭልፊት አይጥ ያድናሉ። ጥንብ አንሳ የሞተ እንስሳ ሳይሸት ያጸዳል።

ክሬንን በተመለከተ እውነቱ መሃል ላይ ነው። በታጨደ ማሳ ላይ የሚለቅመው የወደቀ ፍሬ ስለሆነ ጉዳት የለውም። በቀሪ እርጥበት በተዘራ ሽምብራ ወይም ሌላ ጥራጥሬ ላይ በብዛት ከሰፈረ ግን ይጎዳል። ይህን ጉዳት የለም ብሎ ከማስተባበል፣ መቼና የት እንደሚደርስ መዝግቦ መፍትሔ መፈለግ ይሻላል። ከታጨደ በኋላ ወዲያው ያልታረሰ ማሳ በማደሪያው አቅራቢያ ካለ ወፉ እዚያ ይበዛል፤ የተዘራውንም ማሳ በጊዜ መጠበቅ ይቻላል።

መርዝ ግን መፍትሔ አይሆንም። ለአይጥ የተቀመጠ መርዝ አይጧን የበላውን ጉጉትና ጭልፊት ሊገድል ይችላል። ለጅብ ወይም ለውሻ የተመረዘ ሥጋ ጥንብ አንሳን በመንጋ ይፈጃል። ግሪሳን ለመከላከል የሚረጨው ኬሚካልም ማደሪያው ረግረግ አጠገብ ከሆነ ሌላውን ወፍና ዓሣ እንዳይነካ ቦታውን አስቀድሞ የሚያጣራ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ከሁላ ሸለቆ የሚቀሰም ትምህርት

በጉዟቸው ላይ ክሬኖቹ ከሚያርፉባቸው ቦታዎች አንዱ በሰሜን እስራኤል የሚገኘው የሁላ ሸለቆ ነው። ሁላ ቀድሞ ሐይቅና ረግረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእርሻ ተብሎ ተንጣፈፈ። የተገኘው መሬት ግን እንደታሰበው አልሆነም። ከበሰበሰ ሣር የተሠራው ጥቁር አፈር ሲደርቅ ከመሬት ውስጥ ይቃጠል ጀመር፤ ነፋስ እያነሳ አቧራ አደረገው፤ መሬቱም ሰጠመ። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1994፣ ከመሬቱ የተወሰነው ክፍል እንደገና ውኃ እንዲሞላው ተደረገ።

ውኃው ሲመለስ ክሬኖቹ በአሥር ሺዎች መጡ፤ የአርሶ አደሮችን ለውዝና አዲስ ዘር ማበላሸትም ጀመሩ። አርሶ አደሮችና የመንግሥት አካላት ተነጋግረው አንድ ዘዴ ፈጠሩ። በተመረጠ ማሳ ላይ በቆሎ እየተበተነ ወፎቹ እዚያ እንዲውሉ፣ ከሌላው ማሳ ግን እንዲባረሩ ተደረገ። ጎብኚዎች ደግሞ ትራክተር በሚጎትተው ጋሪ ላይ ተቀምጠው ወፎቹ መሃል ይገባሉ። ክሬኖቹ ትራክተርን በእርሻ ላይ ስለለመዱት አይሸሹም። ዛሬ ቦታው ብዙ ሕዝብ የሚጎበኘው ነው።

እኛ ለወፍ በቆሎ እንበትን ማለት አይደለም። ትምህርቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ረግረግን አድርቆ መመለስ ጠብቆ ከማቆየት ይበልጥ ይከብዳል፤ እኛ ደግሞ የተረፈ ረግረግ ገና በእጃችን አለ። ሁለተኛ፣ የወፍና የአርሶ አደር ጠብ የሚፈታው አርሶ አደሩ ከስምምነቱ ሲገባ ነው። በአገራችንም በበርጋ ረግረግ እጅግ ብርቅ የሆነችና ነጭ የክንፍ ላባ ያላት አነስተኛ ወፍ መራቢያዋ እንዳይነካ የአካባቢው ነዋሪዎች ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሆነው ሲሠሩ ቆይተዋል።

ጥሩ ፎቶ፣ ያልተረበሸ ወፍ

ወፍ መመልከት በራሱ ሥርዓት ያለው ሥራ ነው። ምርጡ ሰዓት ጎህ ሲቀድ ወፎቹ ከማደሪያቸው ሲነሱና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሲመለሱ ነው። በቀትር ብርሃኑ ጠንካራ ስለሆነ ፎቶ አያምርም፤ ወፉም ያርፋል።

ለፎቶ የሚያስፈልገው መጠጋት ሳይሆን መደበቅ ነው። ሰብል ለመጠበቅ ማማ መሥራት ለሚያውቅ አርሶ አደር ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። ከሩዝ ገለባ ዝቅ ያለ ዳስ ተሠርቶ በወፉ ዓይን ትክክል መስኮት ቢተውለት በቂ ነው። ጠዋት ለሚያገለግል ዳስ ከማሳው በስተምሥራቅ በኩል ቢሠራ ፀሐይዋ ከጎብኚው ጀርባ ትሆናለች። ጎብኚው ሳይነጋ ገብቶ ወፎቹ ከሄዱ በኋላ መውጣት አለበት። ለዳሱ ሲባል የቆመ ደንገል መቁረጥ አይገባም።

ማስጎብኘት የሚጀምሩ ወጣቶች ከመነሻው ሊይዟቸው የሚገቡ ደንቦች አሉ፦

ወፉ አንገቱን ቀጥ አድርጎ መመልከት ከጀመረ እዚያው መቆም ነው፤ መንጋውን ለፎቶ ብሎ ማስነሳት ክልክል ነው። ወፍ በተነሳ ቁጥር ለረጅም ጉዞው ያጠራቀመውን ጉልበት ያባክናል።

ጎጆ አጠገብ መሄድ፣ ጫጩት መንካት ወይም ጎጆውን የሸፈነውን ሣር መግለጥ አይፈቀድም። እናትየው ስትሸሽ እንቁላሉን ቁራና ሌላ አዳኝ ያገኘዋል።

በማሳ ውስጥ ሳይሆን በድንበር ላይ መሄድ፣ ባለ ማሳውን አስቀድሞ ማስፈቀድ፣ አርሶ አደሩንም ሆነ ልጆቹን ያለ ፈቃድ ፎቶ አለማንሳት የጎብኚው ግዴታ ነው።

ልጆች ለሳንቲም ብለው ወፍ እንዲያባርሩ ወይም ጫጩት ይዘው እንዲያሳዩ ማድረግ ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም።

የወረዳው ድርሻ

የጣና ሐይቅና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ይሁንና መዝገብ ብቻውን ረግረግ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው በወረዳና በቀበሌ ደረጃ የሚወሰን ውሳኔ ነው። ከዚህ አንጻር ሦስት ነገሮች በቅድሚያ ሊሠሩ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ወሰን ነው። የመሬት አስተዳደር ባለሙያዎች ከቀበሌው ሕዝብ ጋር ሆነው የረግረጉንና የባሕር ሸሹን ድንበር በምልክት ቢለዩ፣ የት ይታረሳል፣ የት ይጋጣል፣ የት ይከለላል የሚለው ክርክር በየዓመቱ አይነሳም። ወሰኑ ሲደረግ ቀድሞ ያርስ የነበረው ሰው ምን አማራጭ ያገኛል የሚለው አብሮ ካልተመለሰ ግን ምልክቱ በሌሊት ይነቀላል።

ሁለተኛው የገቢ ክፍፍል ነው። ገንዘቡ አስጎብኚው ኪስ ውስጥ ብቻ ከቀረ፣ ማሳው ላይ ወፍ የሰፈረበት አርሶ አደር ወፉን የሚያይበት ዓይን አይለወጥም። ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው በተራ ቢያስጎበኙ፣ ክፍያው በደረሰኝ ቢሆን፣ ከገቢው የታወቀ ድርሻ ለዳሱ ባለ ማሳና ለረግረጉ ጥበቃ ቢመደብ ጥቅሙ ይዳረሳል። የበጋው የጉብኝት ወቅት መከሩ ከሚጠናቀቅበት ጊዜ ጋር ስለሚገጥም ለተጨማሪ ሥራ ይመቻል። የጎብኚ ፍሰት ከሰላም ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ግን ቤተሰብ ሙሉ ተስፋውን በዚህ ላይ እንዲጥል መምከር አይገባም፤ ከእርሻው ጎን የሚሄድ ተጨማሪ ገቢ ነው። ከባሕር ዳርና ከጎንደር የሚመጣ የአገር ውስጥ ጎብኚና ተማሪም ሊዘነጋ አይገባም።

ሦስተኛው ቆጠራ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ወይም የትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ቦታና ሰዓት፣ ወፎቹ ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ ሊቆጥር ይችላል። ብዙ መንጋ ሲሆን አሥሩን ቆጥሮ ምን ያህል ቦታ እንደያዙ ማየት፣ ከዚያ ያንን እየደጋገሙ መንጋውን መገመት ነው። ዓመት በዓመት የተያዘ መዝገብ ረግረጉ እየተሻለው ይሁን እየባሰበት ያሳያል። ፎቶም ከቀንና ከቦታ ስም ጋር ከተቀመጠ ማስረጃ ይሆናል።

ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ይባላል። ግራጫው ክሬን ግን ሁለት አገር አለው፤ አንዱ የሚራባበት ሰሜን፣ ሌላው በጋውን የሚያሳልፍበት የእኛ ሜዳ። የሚቀጥለው ጥቅምት ሲመጣ ማደሪያ ውኃ ማግኘቱ የሚወሰነው በዚህ በጋ በየቀበሌው በሚታረሰውና በሚተወው መሬት ነው።