የግዕዝ ፊደል በድረ ገጽ ላይ፤ በትርፍ ጊዜ የተደረጉ ጥቂት ሙከራዎች

ይህ ጽሑፍ ድረ ገጽ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች ፊደላችንን፣ ቍጥራችንንና የዘመን አቈጣጠራችንን እንዴት አድርገው እንደሚይዙ ለማስረዳት የታሰበ ነው። እኔ የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ተማሪ አይደለሁም፤ ፕሮግራም የምጽፈው ቅዳሜና እሑድ፤ ጓደኞቼ ኳስ በሚመለከቱበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው አንድ ጀማሪ በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ እየሞከረ ያየውን ያህል ብቻ ነው። ሙከራዎቹን ግን ብራውዘር ያለው ማንኛውም አንባቢ በጥቂት ደቂቃ ደግሞ ሊያያቸው ይችላል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፤ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር፤ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በወላጆቼ ሰፈር እድር ነው። የአባሎቹ መዝገብ ጠርዙ የተበላ ወፍራም ደብተር ነበር። የእድሩ ጸሓፊ ልጁ ኮምፒዩተር ይነካካል የሚል ወሬ ሰምተው ኖሮ መዝገቡን በስልክ በሚከፈት ገጽ ላይ እንዳዛውረው ጠየቁኝ። ሁለት ሳምንት ያህል ሠራሁበት፤ እጅግም ኰራሁበት። ገጹ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት የወንድማቸውን መርዶ ይዘው ድንኳኑና ዕቃው እንዲወጣላቸው መጡ። ጸሓፊው ስማቸውን ጽፈው ቢፈልጉ ገጹ «አልተገኘም» ሲል መለሰ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ይህንኑ መለሰ። ሴትዮዋ ገጹን አዩት፤ ጸሓፊውን አዩአቸው፤ ከዚያም «ሃያ ዓመት ስከፍል የተገኘሁ፤ ዛሬ ወንድሜ ሲሞት ጠፋሁ?» አሉ። አሮጌው ደብተር ተፈልጎ ሲመጣ ስማቸው በቦታው ነበረ። በደብተሩ የተጻፈው በፀሐዩ ፀ ሲሆን ጸሓፊው የፈለጉት በጸሎቱ ጸ ነበር። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም፤ የእኔ ነው። ይህንንም ለመረዳት ኮምፒዩተር ፊደልን እንዴት እንደሚያይ መመርመር ግድ ሆነ።

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ለያንዳንዱ ፊደል አንድ ቍጥር መስጠትና ሁሉም በዚያ መስማማት ያስፈልጋል። ለግዕዝ ፊደል ይህ ስምምነት የተገኘው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሰሌዳ በ1999 ሦስተኛ እትሙን ሲያወጣ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፊደል ሠሪ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ እንደ ፈቀደው ይደለድል ስለ ነበር፤ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ይሆን ነበር። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በ1990ዎቹ በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ሲጻጻፉ አማርኛውን በላቲን ፊደል ለመወከል ሴራ የተባለ ሥርዓት ተዘጋጅቶላቸው ነበር። (ስሙ የምኅጻረ ቃል አጋጣሚ ነው እንጂ ያሤረ ሰው የለም።)

የዩኒኮድ ሰሌዳ ለፊደላችን በመጀመሪያ የከለለው 384 ቦታ ሲሆን ከ4608 ይጀምራል። አደራደሩ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው። እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሀ 4608 ላይ፣ ለ 4616 ላይ፣ ሐ 4624 ላይ እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ ከማንኛውም ፊደል ቍጥር ላይ 4608 ቀንሶ ቀሪውን ለስምንት ማካፈል ነው። ድርሻው ቤተሰቡን፤ ትራፊው ደግሞ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ያለውን መደብ ይነግረናል። ለምሳሌ የ«ላ» ቍጥር 4619 ነው። 4608 ሲቀነስለት 11 ይቀራል፤ 11 ለ8 ሲካፈል ድርሻው 1፤ ትራፊው 3 ነው። ከዜሮ ስንቈጥር 1 የ«ለ» ቤተሰብ ነው፤ 3 ደግሞ ራብዕ ነው። የኔታ ልጆቹን በጣት እያስቈጠሩ ያስተማሩት ገበታ በሁለት መስመር ሒሳብ ተጠቃለለ ማለት ነው። ስምንተኛው ቦታ ግን ወጥ አይደለም፤ አንዳንዱ ቤተሰብ እንደ ሏና ሟ ያለ ዲቃላ ፊደል አስቀምጦበታል፤ ሌላው ባዶውን ትቶታል።

በዚህ ሒሳብ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ተጫወትሁበት። የቃሉን ሁሉ መደብ ወደ ግዕዝ የሚመልስ፣ የስንኝ ቤት የሚመታ ቃል ፈልጎ የሚሰጥ፣ የጓደኛን ስም ሁሉ ወደ ካዕብ ለውጦ የሚያስቅ ትንንሽ ገጽ ሠራሁ። የመጨረሻው ለሳይንስ ጥቅም የለውም፤ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ግን ከሁሉ ይልቅ የተወደደው እርሱ ነው።

ወደ እድሩ እንመለስ። ሞክሼ ፊደሎች በድምፅ አንድ ቢሆኑም በሰሌዳው ላይ የተለያየ ቍጥር አላቸው። ሀ ዜሮኛው ቤተሰብ ነው፤ ሐ ሁለተኛው፤ ኀ ዐሥራ ስድስተኛው። ለሰው ዓይን ፀሐይና ጸሃይ አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን እንደ በሬና ወንበር የተለያዩ ናቸው። በአማርኛ አነጋገር ሀና ሃም አንድ ስለ ሆኑ፤ «ፀሐይ» ድምፁ ሳይለወጥ በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ ለመጀመሪያው ፊደል ሁለት ምርጫ፤ ለሁለተኛው ስድስት። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም ደግሞ በ24 ዓይነት ይጻፋል፤ አንድ ቃል ወይም ሁለት ቃል ተደርጎ ሲጻፍ 48 ይሆናል። ዩኒኮድ አንዳንድ የሌላ አገር ፊደሎችን አቻ አድርጎ የሚያስተካክልበት ደንብ አለው፤ የእኛን ሞክሼዎች ግን አይነካም። ይህም ልክ ነው፤ በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፤ ሰረቀ ማለት ግን ያው የምናውቀው ስርቆት ነውና፤ ሰሌዳው የሁለቱንም ቋንቋ ሀብት መጠበቅ አለበት።

ስለዚህ መፍትሔው የእኔ ነበር። ሲፈለግ ብቻ፤ ቤተሰብ 2ንና 16ን ወደ 0፤ 4ን ወደ 6፤ 26ን ወደ 20፤ 40ን ወደ 39 የሚመልስ፤ ከዚያም ሃን እንደ ሀ፤ ኣን እንደ አ የሚቈጥር አጭር ተግባር ጻፍሁ። በሰባቱ መደቦች ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ስምንተኛውን ከነካ ይሳሳታል። በመዝገቡ ላይ ግን ሰው ስሙን እንዳስጻፈው ይቀመጣል። ባለ ስሙ የመረጠውን ፊደል ለፕሮግራም ምቾት ብሎ መለወጥ ድፍረት ነው፤ ይህን የሚያደርጉ ገጾች አይቻለሁና ነው የምናገረው።

ቍጥሩ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ በሽቦ የሚላክበት መንገድ አለ። በዛሬ ድረ ገጽ የሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 የተባለው ስልት በ1992 በኬን ቶምፕሰንና በሮብ ፓይክ የተነደፈ ነው፤ መጀመሪያውም በኒው ጀርዚ ምግብ ቤት በገበታ ወረቀት ላይ የተጫረ መሆኑ ይነገራል። በዚህ ስልት የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ ሦስት ይወስዳል፤ «ሰላም» ሦስት ፊደል ሆኖ ሳለ 9 ባይት ነው። ባይትን ፊደል ነው ብሎ የሚቈጥር ሠንጠረዥ 30 ቦታ ሰጠሁ ሲል ለእኛ የሚደርሰን 10 ፊደል ብቻ ነው፤ የአያት ስምም እኩሌታው ላይ ይቈረጣል። በሞባይል አጭር መልእክትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ በላቲን 160 ፊደል በሚያስችለው ዋጋ በአማርኛ የሚጻፈው 70 ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። የድረ ገጽ ቋንቋ የሆነውን ጃቫስክሪፕትን ብሬንዳን አይክ በኔትስኬፕ ኩባንያ በግንቦት 1995 በዐሥር ቀን ውስጥ እንደ ጻፈው የታወቀ ነው። ዐሥር ቀን ለአንድ ቋንቋ ያንሳል፤ ቢሆንም ብዙው ነገሩ ያስደንቃል። ከሚያስደንቀውም አንዱ ለተለዋዋጮች በአማርኛ ስም ማውጣት መቻሉ ነው። «ደመወዝ» ብሎ ስም ሰጥቶ ማስላት ይቻላል። እኔም የእድሩን አባሎች ሰው፩፣ ሰው፪ እያልሁ ስም ሰጠኋቸው፤ እስከ ሰው፱ ድረስ በሰላም ሄደ። ሰው፲ ላይ ስደርስ ማሽኑ የአጻጻፍ ስሕተት ነው ብሎ ቆመ። ግማሽ ቀን የገዛ ጥፋቴን ፈለግሁ፤ አልነበረም። ዩኒኮድ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን በስም ውስጥ እንዲገቡ በልዩ ዝርዝር ፈቅዶላቸዋል፤ ፲ንና ከርሱ በላይ ያሉትን ግን አልፈቀደም። ምክንያቱም በቍጥራችን ዜሮ ስለሌለና ዐሥርም ሃያም የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው፤ እንደ ተራ አኃዝ አይቈጠሩም። ምክንያቱን ሳውቅ ንዴቴ በረደ፤ ሰው፲ ግን እስከ ዛሬ ስም አላገኘም። በዚያው ላይ ፩ን ወደ ቍጥር ለውጥልኝ ብዬ ብጠይቀው ጃቫስክሪፕት «ቍጥር ያልሆነ» የሚል መልስ ሰጠኝ፤ ይህ «ቍጥር ያልሆነ» ምን ዓይነት ነው ብዬ ብጠይቀው ደግሞ «ቍጥር» አለኝ።

የተራ ቍጥርን በግዕዝ አኃዝ ለማሳየት በመጀመሪያ አኃዙን አንድ በአንድ ተካሁና ከ1960 ላይ «፩፱፮» የሚል ጉድ አገኘሁ፤ ዜሮው ማረፊያ አጥቶ ጠፍቶ ነበር። ትክክለኛው ደንብ የገጽን መልክ በሚወስነው በሲኤስኤስ የቍጥር ስልቶች መምሪያ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። ቍጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አኃዝ አድርጎ መክፈል፤ ለሁለተኛው ጥንድ ፻፤ ለሦስተኛው ፼ እያፈራረቁ መጨመር ነው። በዚህ 1960 ወደ 19ና 60 ይከፈልና ፲፱፻፷ ይሆናል። መቶ «፩፻» ሳይሆን «፻» ብቻ መሆኑም በደንቡ ታስቦበታል። የሚሠራበት ወሰን ከ1 ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ጎብኚዎችን የሚቈጥረው ገጼ ማንም ሳይመጣ 0ን በአረብ አኃዝ ያሳይና፤ የመጀመሪያው እንግዳ ሲገባ ወደ ፩ ይለወጣል።

ከሁሉ የከፋው የዘመን አቈጣጠር ነው። ጃቫስክሪፕት ወሮችን ከዜሮ፤ ቀኖችን ግን ከአንድ ይቈጥራል። ይህንንም ከጃቫ ቋንቋ የወረሰው ነው። የኢትዮጵያን አቈጣጠር በልዩ ጥያቄ ሲጠይቁት ጥሩ አድርጎ ይናገራል፤ በአማርኛ ብቻ ንገረኝ ሲሉት ግን «ሴፕቴምበር» ይላል። ቀን የሚሞላበት የኤችቲኤምኤል ሳጥን ደግሞ የግሪጎሪዮስን አቈጣጠር እንጂ ሌላ አይቀበልም። ዐሥራ ሦስተኛ ወር በርሱ ዘንድ የለም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ገጹ «3፡00» ሲል ሌሊት ይሁን ጠዋት አባሎቹ አይለዩም።

ይህ ሁሉ የሚያስቀው ሒሳቡ ቀላል ስለ ሆነ ነው። የባሕረ ሐሳብን መንገድ በሁለት መስመር ጽፌ ሞከርሁት። የኢትዮጵያን 2016 ዓ/ም ወስዶ 5500 ሲጨመርበት 7516 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ4 ሲካፈል ድርሻው፤ ማለት መጠነ ራብዒቱ፤ 1879 ነው፤ ትራፊ ስለሌለው ዘመኑ ዮሐንስ ነው። 7516ና 1879 ሲደመሩ 9395፤ ይህ ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ዜሮ ሰኞ፤ አንድ ማክሰኞ ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 በእርግጥም ማክሰኞ፤ በአውሮጳ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፤ ውሏል። ሊቃውንቱ ይህን ያለ ማሽን በቃል ሲያሰሉት ኖረዋል፤ ተማሪውም ፕሮግራም እንዲጽፍ ሲጠየቅ ይህን መሳይ ደንብ ማለት ነው።

የእድሩን መዋጮ በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። 0.1ና 0.2 ብር ሲደመሩ ማሽኑ 0.30000000000000004 ብሎ መለሰ። ይህ ከጃቫስክሪፕት የመጣ ጥፋት አይደለም፤ በሁለት አኃዝ ብቻ የሚያስቡ ማሽኖች አንድ ዐሥረኛን በትክክል ሊጽፉት ስለማይችሉ ነው፤ ደንቡም ከ1985 ጀምሮ የታወቀ ነው። መዋጮውን በሳንቲም መዝግቤ ሙሉ ቍጥር ብቻ እንዲደምር አደረግሁት።

ለልደት ቀን ሳጥን ሦስት ባዶ ቦታ ሠራሁ፤ ለቀን፣ ለወርና ለዓመት። የወሩ ዝርዝር ጳጉሜን ይዟል፤ ስድስተኛዋም ቀን የምትፈቀደው በዘመነ ሉቃስ ብቻ ነው። ከአባሎቹ አንድ ሽማግሌ የተወለዱት ጳጉሜ 6 ቀን ነበርና ሲመዘገቡ ጸሓፊው ገጹ ይሳሳታል ብለው ደብተሩን አጠገባቸው አድርገው ጠበቁ። ገጹ ቀኑን ተቀበለው። ደብተሩ ግን አሁንም ከጠረጴዛው ላይ አልተነሣም።