የስፖንሰር ዝውውር

የስፖንሰር ዝውውር (በዐረብኛ «ነቅል ከፋላ») በባሕረ ሰላጤው የዐረብ አገሮች፣ በሊባኖስና በዮርዳኖስ የሚሠራ የውጭ ዜጋ ከአንድ አሠሪ ወደ ሌላ ሲሄድ የመኖሪያ ፈቃዱ በአዲሱ አሠሪ ስም የሚመዘገብበት ሕጋዊ አሠራር ነው። በእነዚህ አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ከሥራው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ዝውውሩ ሳይፈጸም ከሥራ የወጣ ሰው ደመወዙን ብቻ ሳይሆን በአገሩ የመቆየት መብቱንም ሊያጣ ይችላል። ከኢትዮጵያ ለቤት ሠራተኝነት ወደ እነዚህ አገሮች የሚሄዱት በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ፣ ከአሠሪያቸው ጋር ሲለያዩ በመጀመሪያ የሚገጥማቸው ጥያቄም ይኸው የሰነድ ጉዳይ ነው።

የከፋላ ሥርዓት

የዝውውሩ መነሻ «ከፋላ» የሚባለው የዋስትና ሥርዓት ነው። የውጭ ሠራተኛ ወደ አገሩ የሚገባው «ከፊል» በሚባል ዋስ ስም ነው። ከፊሉ ግለሰብ ወይም ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም አሠሪው ራሱ ነው። የመግቢያ ቪዛው የሚወጣው በከፊሉ ጥያቄ ሲሆን፣ «ኢቃማ» የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ የሚያወጣውና የሚያሳድሰውም እርሱ ነው። አሠሪው ኢቃማውን ሳያሳድስ ቢቀር ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ ሆኖም መንገድ ላይ ተይዛ የምትጠየቀው ሠራተኛዋ ናት።

ከሥራ የወጣ ሰው ያሉት ሕጋዊ መንገዶች በመሠረቱ ሁለት ናቸው። አንደኛው ወደ ሌላ ከፊል መዛወር ነው። ሁለተኛው የመጨረሻ መውጫ ቪዛ (በዐረብኛ «ኹሩጅ ኒሃኢ») አውጥቶ ወደ አገር መመለስ ነው። ከሁለቱ አንዱን ሳይፈጽም የቆየ ሰው በሕጉ ፊት ያለ ፈቃድ እንደሚኖር ይቆጠራል፤ ከተያዘም ለእስር፣ ለገንዘብ ቅጣትና ከአገር ለመባረር ይጋለጣል።

የሚያስፈልጉ ሰነዶች

ዝርዝሩ ከአገር አገር ቢለያይም የሚከተሉት በአብዛኛው የሚጠየቁ ናቸው፦

• ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት። አሠሪዎች የሠራተኛን ፓስፖርት መያዛቸው የተለመደ ቢሆንም፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኳታር፣ በኩዌትና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የተከለከለ ነው።

• ኢቃማ ወይም የኢቃማ ቁጥር። ካርዱ በአሠሪው እጅ ቢሆንም ቁጥሩን ማወቅ ጉዳዩን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመከታተል ይረዳል።

• የመጀመሪያው የሥራ ውል። የቅጥሩ ቀንና የውሉ ዘመን የሚታወቁት ከዚህ ነው፤ በርካታ አገሮች ዝውውርን የሚፈቅዱት ከተወሰነ የአገልግሎት ጊዜ በኋላ ስለሆነ ቀኑ ወሳኝ ነው።

• የቀድሞው አሠሪ ስምምነት፣ ሕጉ በሚጠይቅበት ቦታ። በሊባኖስ ይህ የመልቀቂያ ወረቀት «ተናዙል» ይባላል።

• ከአዲሱ አሠሪ ጋር የተፈረመ ውል።

ኤሌክትሮኒክ መዝገብ

ቀድሞ በወረቀት ይሠራ የነበረው አብዛኛው ሥራ ዛሬ በኢንተርኔት ይከናወናል። በሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያና የመውጫ ጉዳዮች በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር «አብሸር» ላይ፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ውል «ቂዋ» ላይ፣ የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ደግሞ «ሙሳነድ» ላይ ይፈጸማል።

ይህ አሠራር አንድ አስፈላጊ ልዩነት ያስከትላል። በእጅ ያለው ካርድ ላይ የተጻፈው ቀን ገና ቢሆንም፣ የሚታመነው በመዝገቡ ላይ ያለው ሁኔታ ነው። አሠሪው በራሱ አካውንት ገብቶ የሠራተኛዋን ሁኔታ ቢለውጥ ካርዱ እንደነበረ ይቆያል፤ ፖሊስ ቁጥሩን ሲያስገባ የሚያየው ግን አዲሱን ሁኔታ ነው። ስለዚህ ሥራ ከመልቀቅ በፊትም ሆነ በኋላ ሁኔታን በመዝገቡ ላይ ማረጋገጥ ከዝውውሩ ሒደት ዋና ክፍሎች አንዱ ነው።

«ሁሩብ»

«ሁሩብ» በዐረብኛ መጥፋት ወይም መሸሽ ማለት ነው። አሠሪ ሠራተኛው ከሥራ ጠፍቷል ብሎ ለመንግሥት የሚያቀርበው ሪፖርት በዚህ ስም ይታወቃል። ሪፖርቱ ከተመዘገበ ሠራተኛው ወደ ሌላ አሠሪ እንዳይዛወር ሊከለከል ይችላል። ደመወዝ ስላልተከፈላት ወይም ስለተደበደበች ከቤት የወጣች ሴትም በዚሁ ቃል ልትመዘገብ ትችላለች፤ ሪፖርቱ ሐሰት መሆኑን ማስረዳት ደግሞ የእርሷ ሸክም ይሆናል። ለዚህ የሚረዱት ማስረጃዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነገሮች ናቸው፦ ደመወዝ የተላከበት ደረሰኝ፣ የስልክ መልእክት፣ የሕክምና ወረቀት፣ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ወይም ለኤምባሲ የቀረበ አቤቱታ ቀን።

በየአገሩ ያለው አሠራር

ሳዑዲ ዓረቢያ፦ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ የግል ድርጅት ሠራተኛ አንድ ዓመት ከሠራ በኋላ ያለ አሠሪው ስምምነት መዛወር ይችላል። ሆኖም የቤት ሠራተኞች፣ የግል ሹፌሮች፣ የቤት ጠባቂዎች፣ እረኞች፣ አትክልተኞችና ገበሬዎች በዚህ ማሻሻያ አልተካተቱም። የቤት ሠራተኛ ያለ አሠሪ ፈቃድ የምትዛወረው በተዘረዘሩ ምክንያቶች ነው፤ ከነዚህም የሦስት ወር ደመወዝ አለመከፈል፣ ለሌላ ሰው ማከራየት፣ በደል መፈጸምና ሐሰተኛ የሁሩብ ሪፖርት ይገኙበታል።

ኳታር፦ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሕግ የቀድሞ አሠሪን የ«አልቃወምም» ወረቀት አስቀርቷል፤ የቤት ሠራተኞችንም ይጨምራል። ሠራተኛው እስከ ሁለት ዓመት ከሠራ የአንድ ወር፣ ከዚያ በላይ ከሠራ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

ኩዌት፦ ለቤት ሠራተኞች የሚሰጠው መኖሪያ በአንቀጽ 20፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች የሚሰጠው ደግሞ በአንቀጽ 18 ይታወቃል። ከ20 ወደ 18 መዛወር በመደበኛው የተከለከለ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 14 እስከ መስከረም 12 ቀን 2024 በአሠሪው ስምምነትና በ50 ዲናር ክፍያ ተፈቅዶ ነበር።

ሊባኖስ፦ የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም። ዝውውር የሚፈጸመው የቀድሞዋ «ማዳም» ወይም አሠሪው በውል አዋዋይ ፊት ተናዙሉን ከፈረሙ በኋላ በጠቅላይ የጸጥታ መሥሪያ ቤት በኩል ነው። በኢኮኖሚ ቀውሱና በኮቪድ-19 ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ አሠሪዎች በርካታ ኢትዮጵያውያንን ያለ ደመወዝና ያለ ፓስፖርት ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። እነዚህ ሴቶች ሥራቸው በአሠሪው ውሳኔ ቢቋረጥም፣ ተናዙል ስላልነበራቸው ወደ ሌላ ቤት በሕጋዊ መንገድ መግባት አልቻሉም።

ሊሴ ፓሴ

ፓስፖርቱ የጠፋ ወይም በአሠሪ የተያዘ ኢትዮጵያዊ ከኤምባሲ ወይም ከቆንስላ «ሊሴ ፓሴ» የሚባል የጉዞ ሰነድ ሊያገኝ ይችላል። ሰነዱ የሚያገለግለው ወደ አገር ለመመለስ ለአንድ ጉዞ ብቻ ነው፤ ፓስፖርትን ተክቶ ለስፖንሰር ዝውውር አይሆንም። ሊሴ ፓሴ የያዘ ሰውም ቢሆን ያለበት የመገበሪያ አገር የመውጫ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

መንግሥታት አልፎ አልፎ የሚያውጁት የምሕረት ጊዜ ይህን ሒደት ያቀልላል። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ሰዎች ሁኔታቸውን እንዲያስተካክሉ ወይም እንዲወጡ የሰጠችው ጊዜ ኅዳር 3 ቀን (እ.ኤ.አ.) ሲያበቃ ሰፊ አፈሳ ተጀመረ። በቀጣዮቹ ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል።

በኢትዮጵያ ሕግ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ስምሪት አግዳ ነበር። እገዳው እ.ኤ.አ. በ2018 ተነሥቷል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ስምሪቱ ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳላት አገር ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል፤ የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪዎችንም በአሠሪው ላይ ይጥላል። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል።

በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ውሉ በኢትዮጵያ በኩል ስለተመዘገበ፣ ከአሠሪው ጋር ሲጋጭ የሚጠይቀው ኤጀንሲ አለ። በደላላ አማካይነት ወይም በየመንና በሱዳን በኩል ያለ ቪዛ የገባ ሰው ግን ከመጀመሪያውም ከፊል ስለሌለው የሚያዛውረው ነገር የለም፤ ያለ ምሕረት ሕጋዊ መሆን ለእርሱ እጅግ ከባድ ነው።

ታሪካዊ ንጽጽር፦ ጋፋት

የውጭ ሠራተኛ ከአገር መውጣት በአሠሪ ፈቃድ ላይ መመሥረቱ በኢትዮጵያ ታሪክም ይታያል። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ለዐፄ ቴዎድሮስ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ከመካከላቸው በርካቶቹ የመጡት በባዝል አቅራቢያ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን ነው፤ ለወንጌል ሥራ መጥተው በኋላ ወደ ንጉሡ ሥራ ገቡ። «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ በ1867 የተሠራው በእነርሱ ነው። ደመወዝና ክብር ቢያገኙም ንጉሡ ሳይፈቅዱ ከአገር መውጣት አይችሉም ነበር፤ የወጡት በሚያዝያ 1868 ከመቅደላ ውጊያ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ነው።

በጋፋት አሠሪውም ፈቃድ ሰጪውም አንድ ሰው፣ ንጉሡ ነበሩ። በከፋላ ግን መንግሥት የመኖሪያና የመውጫ ሥልጣኑን ከፊል ለግለሰብ አሠሪ ያስተላልፋል። ከባለሙያዎቹ አንዱ የነበረው ቴዎፊሎስ ዋልድማየር ከዚያ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄዶ በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቁሟል።