ኒውትሪኖን በሰማይ መመዘን

እ.ኤ.አ. በ2006 መገባደጃ 200 ቶን የሚመዝን፣ ወርዱ 10 ሜትር የሆነ የምርምር መሣሪያ ከጀርመኗ ዴገንዶርፍ ተነስቶ ወደ ካርልስሩህ አቀና። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሣሪያው ግን በአውራ ጎዳና አያልፍምና በዳኑብ ወንዝ ወርዶ፣ በጥቁር ባሕር፣ በሜዲትራኒያንና በአትላንቲክ ዞሮ፣ በራይን ሽቅብ 9,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ። መጨረሻ ላይ በአንዲት መንደር ቤቶች መካከል ግድግዳ ሊነካ ጥቂት ሴንቲሜትር ሲቀረው ሾልኮ አለፈ።

ይህ ሁሉ ድካም ኒውትሪኖ የተባለውን እጅግ ቀላል ቅንጣት ለመመዘን ነው። ካትሪን የተባለው ይህ ሙከራ በ2025 የአንዱ ኒውትሪኖ ክብደት ከ0.45 ኤሌክትሮን ቮልት እንደማይበልጥ አረጋገጠ፤ ኤሌክትሮን እንኳ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ይከብደዋል።

ከዚያ የረቀቀው ሚዛን ያለው ሰማይ ላይ ነው። በአሪዞና ኪት ፒክ ተራራ በሚገኘው ቴሌስኮፕ ላይ የተገጠመው ዴዚ የተባለ መሣሪያ 5,000 ትንንሽ ሮቦቶች አሉት፤ እያንዳንዳቸው አንድ የብርሃን ክር ወደ አንድ ጋላክሲ ያነጣጥራሉ። የሚፈለገው የጥንት ድምፅ አሻራ ነው። ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ ለ380,000 ዓመታት ያህል በጋለው ጋዝ ውስጥ የድምፅ ሞገዶች ይጓዙ ነበር። ጋዙ ሲቀዘቅዝ ሞገዶቹ ባሉበት ቀሩ፤ በዚህም የተነሳ 490 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ተራርቀው የሚገኙ ጋላክሲዎች ቁጥር ከሚጠበቀው በጥቂቱ ይበልጣል። ይህን ርቀት በየዘመኑ መለካት ዓለሙ መቼ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሰፋ ይናገራል።

ኒውትሪኖ እዚህ ውስጥ ምን አገባው? ብዛቱ ነው። ከታላቁ ፍንዳታ የተረፉት ኒውትሪኖዎች በየኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ ከ300 በላይ ናቸው። መጀመሪያ ላይ በብርሃን ፍጥነት ገደማ ሲከንፉ እንደ ጨረር ይቆጠሩ ነበር፤ ኋላ ግን ረግበው ከቁስ ጎራ ገቡ። ክብደታቸው በጨመረ መጠን የኋለኛው ዘመን የቁስ ድርሻ ከፍ ይላል፤ የመስፋፋቱ ታሪክም በዚያው ልክ ይለወጣል።

በመጋቢት 2025 ይፋ የሆነው የዴዚ ውጤት፣ ያ የጋለ ጋዝ ሲቀዘቅዝ ከለቀቀው ጥንታዊ የማይክሮዌቭ ብርሃን መረጃ ጋር ሲጣመር፣ የሦስቱ ኒውትሪኖ ዓይነቶች ድምር ክብደት ከ0.064 ኤሌክትሮን ቮልት በታች ነው አለ። በምድር ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ደግሞ ድምሩ ከ0.059 ሊያንስ እንደማይችል አሳይተዋል። ጣሪያውና ወለሉ ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም! ከዚህ የበለጠ አጓጊ ጥያቄ በዛሬው ፊዚክስ ጥቂት ነው።

ይህ ጥብቅ ጣሪያ የቆመው ግን የዓለሙን መስፋፋት ያፋጥናል የሚባለው ጽልመታዊ ኃይል አይለወጥም በሚል ግምት ላይ ነው። በዘመናት ብዛት ይለወጣል ከተባለ ጣሪያው ወደ 0.16 ይላላል፤ የዴዚ መረጃም ራሱ ወደዚያ ያዘነብላል። በነሐሴ 2025 በቻይና ሥራ የጀመረው ጁኖ የተባለው የኒውትሪኖ መመርመሪያ ደግሞ ከሦስቱ ክብደቶች ሁለቱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል መሆን አለመሆናቸውን ይለያል። ሁለቱ ከባድ ሆነው ከተገኙ ወለሉ 0.1 ይደርሳል፤ ያን ጊዜ የ0.064ቱ ጣሪያ የተሠራበት የዓለም ሞዴል እንደገና መፈተሽ ይኖርበታል።