ከኋላ ቆማ የተማረች ተዋናይት

የእንግሊዝ ቴአትር ታሪክ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጋሪክንና ወይዘሮ ሲደንስን ነው። ይሁን እንጂ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1714 እስከ 1830 ጆርጅ የተባሉ አራት ነገሥታት ተከታትለው በነገሡበት ዘመን፣ መድረኩን ሞልተውት የኖሩት ስማቸው እምብዛም የማይጠራ ትንንሽ ተጫዋቾች ነበሩ። ከእነዚህም አንዷ ኤልዛቤት ኢንችባልድ ናት።

ኤልዛቤት በ1753 ሰፎክ በሚባለው አውራጃ ከአንድ ገበሬ ተወለደች። መልከ መልካም ነበረች፤ ዳሩ ግን ስትናገር ትንተባተብ ነበር። አንደበቷ የሚያዝ ልጅ ከሥራ ሁሉ መርጣ ቴአትርን መመኘቷ ለሰሚው የሚያስቅ ነገር ነው። እርሷ ግን በ1772፣ በ18 ዓመቷ፣ ለእናቷ ሳትነግር ከቤት ወጥታ ሎንዶን ገባች። በዚያው ዓመት በዕድሜ እጅግ የሚበልጣትን ተዋናይ ጆዜፍ ኢንችባልድን አገባች፤ ከእርሱም ጋር በስኮትላንድና በእንግሊዝ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረች ተጫወተች። በ1779 ባሏ በድንገት ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ኮቨንት ጋርደን በተባለው የሎንዶን ቴአትር ቤት ተቀጠረች።

በዚያን ጊዜ በሎንዶን ንግግር ያለበትን ቴአትር ለማሳየት ዓመቱን በሙሉ የሚያሠራ የንጉሥ ፈቃድ የነበራቸው ኮቨንት ጋርደንና ድሩሪ ሌን ብቻ ነበሩ፤ ሄይማርኬት የሚከፈተው በሙቀቱ ወራት ነው። ስለዚህ ቦታ ማግኘቱ ራሱ ዕድል ነበር። የሆነ ሆኖ ይሰጧት የነበረው ድርሻ በአመዛኙ ትንሽ ነው።

የዘመኑ ልማድ ደግሞ ለተጫዋች ሙሉውን ድርሰት አይሰጥም። በወረቀቱ ላይ የሚያገኘው የራሱን ቃልና፣ ተራው መድረሱን የሚያመለክተውን የባልንጀራውን የመጨረሻ ቃል ብቻ ነው። የቀረውን ማወቅ የፈለገ ጆሮውን መክፈት ነበረበት። ጥቂት ቃል ያላት ሴት ደግሞ ለማዳመጥ ብዙ ጊዜ አላት፤ ሕዝቡ ምን ላይ እንደሚሥቅ፣ ምን ላይ እንደሚያዛጋ ቆማ ታያለች።

በ1783 ፈረንሳዮች ሰውን በባሉን ወደ ሰማይ አወጡ። ወሬው ሳይቀዘቅዝ፣ ኤልዛቤት በባሉን ሲጓዙ በሞጉሉ ንጉሥ ግቢ ውስጥ ያረፉ እንግሊዞችን የሚያሳይ አጭር ኮሜዲ ደረሰች። ድርሰቱም በ1784 በሄይማርኬት ታየ። እርሷም አንድ ትንሽ ድርሻ ይዛ ነበር፤ ተራዋ ሲደርስ ግን ደነገጠችና ያ የጥንቱ መንተባተብ ተመልሶ ያዛት። ሕዝቡ ግን ድርሰቱን ወደደው። ምላሷ ያሳፈራትን ያህል ብዕሯ ካሳት።

በ1789 መድረኩን ተወች። በ1791 ልብ ወለድ አሳተመች፤ ለራሷ በቁጠባ እየኖረች እኅቶቿን ረዳች። ከ1806 እስከ 1808 ደግሞ 125 ቴአትሮች በ25 ቅጽ ተሰብስበው ሲታተሙ፣ ለእያንዳንዱ መቅድም የጻፈችው እርሷ ነበረች። የሸክስፒር ድርሰቶችም በዚያ ውስጥ ነበሩ። ቀድሞ የራሷ ቃል ብቻ ተቈርጦ ይሰጣት የነበረችው ሴት በመጨረሻ ስለ ሙሉዎቹ ድርሰቶች ፍርድ ሰጠች። በ1821 ዐረፈች።

በመሥሪያ ቤቱ ዝቅተኛ ወንበር ላይ የተቀመጠ ወጣት፣ «የእኔ ድርሻ ይህችው ናት» ብሎ ጆሮውን ከመድፈኑ በፊት የዚህችን ሴት ነገር ቢያስበው መልካም ነው።