ለደረቀ እጅና ለተሰነጠቀ ተረከዝ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በደምበጫ፣ በየቀበሌውና በየጎጡ ሆናችሁ ፊደል የምትቆጥሩ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አቅርቡ። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቆዳችን ነው።

በጎልማሶች ክፍል ሳስተምር አንዲት እናት እርሳሳቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው ተቀመጡ። ወሩ ጥር ነበር።

«እማማ፣ ለምን አይጽፉም?» አልኳቸው።

እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ጣታቸው መታጠፊያው ላይ ተሰንጥቋል፤ ደምም ይታይበታል።

«ልጄ፣ እርሳሱን ስጨብጠው ይነቃብኛል። ፊደሉስ ገብቶኝ ነበር» አሉ።

«ምን አደረጉለት?»

«ሎሚ አሸሁበት። አቃጠለኝ እንጂ አልሻለኝም።»

እኒህን እናት ከትምህርት ያስቀራቸው ስንፍና አይደለም። የቆዳ ድርቀት ነው። ድርቀት ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የተሰነጠቀ ቆዳ የተከፈተ በር ነው። በዚያ በር ቆሻሻ ይገባል፤ ተሐዋስያን ይገባሉ። ስለዚህ በሩን እንዴት እንደምንዘጋ እንማር።

ቆዳ ለምን ይደርቃል?

ቆዳ የሚያለፋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የከብት ቆዳ እንዲሁ ከተተወ እንደ እንጨት ይደርቃል። ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ባለሙያው ግን መጀመሪያ በውሃ ይነክረዋል። ቀጥሎ ቅባት ባለው ነገር እያሸ ያለፋዋል። የእኛም ቆዳ የሚፈልገው እነዚህኑ ሁለቱን ነው፤ ውሃና ቅባት።

የሰው ቆዳ የራሱ ቅባት አለው። ወዝ የምንለው እርሱ ነው። ወዝ እንደ ድስት ክዳን ነው። በቆዳ ውስጥ ያለው ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ ይከላከላል። ወዙ ሲታጠብ ክዳኑ ተነሣ ማለት ነው።

መዳፋችንና የእግራችን መርገጫ ደግሞ ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች የሏቸውም። ስለዚህ ከሌላው ገላ ቀድመው ይደርቃሉ። ተረከዝ በቶሎ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው።

ወዙን የሚወስደው ምንድን ነው? ሳሙና ይወስደዋል። እንዶድም ይወስደዋል። አመድ፣ አፈርና ጭድ ቆዳን ያደርቃሉ። እኔን መምህሩን ደግሞ ጠመኔ ያደርቀኛል። ክረምቱ አልፎ በጋ ሲገባ ነፋሱ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ጤፍ ስናጭድና ስንወቃ እጃችን አመድ ይመስላል።

መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ቅባት

ብዙ ሰው ቅባት የሚቀባው በደረቀ ቆዳ ላይ ነው። ይህ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ባዶ ድስት ከድነን ምን እናገኛለን? መጀመሪያ እጃችንን ወይም እግራችንን ለብ ባለ ውሃ እንታጠብ። በጣም የሞቀ ውሃ ወዝ ስለሚያጥብ አይሆንም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ መታ መታ አድርገን እናድርቅ። ቆዳው ገና እርጥበት እንዳለው ወዲያው ቅባት እንቀባ። ማታ ከመተኛታችን በፊት ቀብተን በንጹሕ ጨርቅ ብንጠቀልለው ወይም ካልሲ ብናጠልቅበት ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳል።

የሰም ቅባት አሠራር

ጎጃም የማር አገር ነው። ማር ሲጣራ ወይም ጠጅ ሲጠመቅ ሰፈፍ ይተርፋል። ከሰፈፍ ሰም ይገኛል። ከሰም ደግሞ ጥሩ የእጅ ቅባት ይሠራል። በደብተራችሁ ጻፉ።

1. ሰፈፉን ከውሃ ጋር አፍሉት። በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል። እሱን አንሡት።

2. አንድ ሲኒ የቀለጠ ሰም፣ አራት ሲኒ የኑግ ዘይት አዘጋጁ።

3. ሁለቱንም በትንሽ ድስት አድርጉ። ትንሹን ድስት የፈላ ውሃ ባለበት ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀምጡ። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ እሳት ሊይዘው ይችላል። ልጆችንም አርቁ።

4. ሰሙ ቀልጦ ከዘይቱ ጋር ሲዋሐድ አውጡት። እስኪቀዘቅዝ አማስሉት። በንጹሕና በደረቀ ዕቃ ገልብጣችሁ ክደኑት።

ቅባቱ ከጠነከረ ዘይት ጨምራችሁ እንደገና አቅልጡት። ከቀጠነ ሰም ጨምሩ። ውሃ አይግባበት፤ ውሃ ከገባበት ይበላሻል። ሽታው ከተለወጠም ጣሉት።

ሰም ያላገኘ ሰው ቅመም ያልገባበት ንጹሕ ቅቤ ይቀባ። ቫዝሊንም በጣም ጥሩ ነው፤ ቶሎ አይበላሽም።

ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ግሊሰሪን ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። እርሱ ውሃ ይስባል። ብቻውን በደረቅ አየር ከተቀባ ከራሱ ከቆዳው ውሃ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ አንድ እጅ ግሊሰሪን በሁለት ወይም በሦስት እጅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይበጠበጣል። ብዙ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ ለጥቂት ቀን የሚበቃው ይበጥበጥ።

በርበሬ ለሚቀነጥሱ

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በበርበሬ የታወቁ ናቸው። በርበሬ ስትቀነጥሱና ስትወቅጡ የዋላችሁ እኅቶች፣ እጃችሁ ሲንገበገብ ያድራል። በውሃ ብቻ ብትታጠቡት አይለቅም። ለምን? የሚያቃጥለው ነገር በውሃ አይሟሟም፤ በዘይት ግን ይሟሟል። ስለዚህ መጀመሪያ እጃችሁን በምግብ ዘይት እሹ። ዘይቱን በጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ በሳሙና ታጠቡና ቅባት ተቀቡ። እጃችሁ ሳይጠራ ዓይናችሁን አትንኩ፤ ሕፃንም አትንኩ።

ይህን አትቀቡ

ሎሚ ለተሰነጠቀ ቆዳ አይሆንም። ያቃጥላል። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊጠቁርና ሊቆጣም ይችላል።

ቅቤ ለደረቀ ቆዳ ነው እንጂ ለቁስል አይደለም። እሳት የፈጀው ቦታ ላይ ቅቤ አይቀባም፤ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይፈስበታል። በተወለደ ሕፃን እትብት ላይም ቅቤ አይደረግም። ሕፃኑን ለሞት የሚያደርስ ተሐዋስ ሊገባበት ይችላል።

የጉሎ ፍሬ ቅባት ቢኖረውም ፍሬው ሲታኘክ መርዝ ነው። ልጆች ከሚደርሱበት ቦታ አታስቀምጡት።

የእግርስ ነገር?

ከእጅ ይልቅ እግር ያሳስባል። በእኛ አገር በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ብዙ ዘመን የሄደ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ሰው ዝሆኔ ይለዋል። ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉት ሐኪም በኢትዮጵያ ብዙ መርምረው ሕመሙ ከቀይ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረድተዋል። በጣም የደቀቀው አፈር በእግር ቆዳ በኩል ይገባል። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ የተጋለጠ ነው። እርግማን አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ስለዚህ የታመመውን ሰው ከማኅበርና ከማዕድ ማራቅ ግፍ ነው።

በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች የተደረገ ጥናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ታትሟል። ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑ 100 ሰዎች ከ3 የሚበልጡት ይህ ሕመም እንደነበረባቸው አሳይቷል። እንግዲህ ነገሩ የጎረቤታችን፣ የራሳችንም ነገር ነው።

ደስ የሚለው ግን መከላከያውም ማስታገሻውም በእጃችን መሆኑ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት ነበር። ውጤቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ታትሟል። ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ እግራቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ፣ ቅባት እንዲቀቡ፣ ካልሲና ጫማ እንዲያደርጉ ተማሩ፤ ዕቃውም ተሰጣቸው። የቀሩት ለአንድ ዓመት ቆዩ። እግር ቀልቶ፣ ግሎ፣ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥልበት ጊዜ አለ። ትምህርቱን ያላገኙትን በዓመት በአማካይ 24 ጊዜ ያህል ጣላቸው። ትምህርቱን ያገኙትን ግን 19 ጊዜ ያህል ነው። ሳሙና፣ ውሃና ቅባት ይህን ያህል ሠሩ።

በአገራችን የተደረገ ሌላ ጥናትም አለ፤ የታተመው በዚያው አቆጣጠር በ2017 ነው። በእግር መዘፍዘፊያው ውሃ ላይ ከመቶ 2 እጅ ግሊሰሪን ሲጨመር፣ የሕሙማኑ ቆዳ ውሃ የመያዝ ኃይሉ ይበልጥ ተሻሻለ። ይህም በ1 ሊትር ውሃ 4 የሻይ ማንኪያ ግሊሰሪን ማለት ነው።

ስለዚህ ማታ ማታ እግራችሁን ታጠቡ። በጣቶች መካከል በደንብ አድርቁ። ተረከዙንና ውስጥ እግሩን ቅባት ቀቡ። በጣቶች መካከል ግን አትቀቡ፤ እርጥበቱ ያበሰብሰዋል። ወደ ሥራ ስትወጡ ጫማ አድርጉ። ልጆችንም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጫማ አልምዷቸው።

ቅባት የማይበቃው መቼ ነው?

ማሳከኩ ሌሊት ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከል የሚወጣ፣ ቤተሰቡንም ያዳረሰ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል። በ2008 ዓ.ም. በአማራ ክልል እከክ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ነበር። እከክን ቅቤ አይገድለውም። መድኃኒቱን ቤተሰቡ ሁሉ በአንድነት መውሰድ አለበት።

ቆዳው ነጣ ብሎ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ካለ፣ የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል በቶሎ መታየት ነው። በጊዜው ከታከሙት ይድናል። ስንጥቁ መግል ከያዘ፣ ከቀላና ካበጠ፣ ትኩሳት ካለም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሁን ወደ እኒያ እናት እንመለስ። ሎሚውን ተዉ። የሰም ቅባት ሠርተው ማታ ማታ እየተቀቡ በጨርቅ ጠቀለሉት። ስንጥቁ ቀስ በቀስ ገጠመ። እርሳስ መጨበጥ ሲችሉ ለራሳቸው መጀመሪያ የጻፉት በቅባቱ ጣሳ ላይ ነው። «የእጅ ቅባት» ብለው ጻፉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በየቤታችን በረኪናም፣ የተባይ መድኃኒትም በጠርሙስ ይቀመጣል። ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ልጅ ይገድላል። የተጻፈበትን ማንበብ ግን ያድናል። እናንተም ዛሬውኑ በየዕቃችሁ ላይ ጻፉ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ቅባት መቀባት ያለብን ከመታጠባችን በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለምን?

2. በርበሬ የነካው እጅ መጀመሪያ በምን ይታሻል?

3. እግራቸው ያበጠ ሰዎችን ማራቅ ለምን ግፍ ነው?

እነዚህን ቃላት በደብተራችሁ ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ፦ ወዝ፣ ሰፈፍ፣ ተረከዝ፣ ጫማ።

በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ። የተማረ ላልተማረው ያስተምር።