ቫይረሱ በደም ሳይሆን በነርቭ ነው የሚወጣው፦ የእብድ ውሻ በሽታ ተረትና እውነታ

በደባርቅና በዳባት ዙሪያ እረኛና ውሻ አይለያዩም። ውሻ ሰው ነከሰ ሲባልም ምክሩ ይበዛል፤ ሥር ይጠጣ፣ ጸበል ይሂድ፣ ቁስሉ ከደረቀ ምንም የለበትም። ብዙው ምክር የሚነሣው መርዙ በደም ይሰራጫል ከሚል እምነት ነው።

እውነታው ሌላ ነው። ቫይረሱ ወደ አንጎል የሚወጣው በነርቭ ነው፤ መንገዱንም ነርቭን በሕይወት ከሚያቆይ ፕሮቲን ጋር ይጋራል። ቆዳችንና ሌሎች የአካል ክፍሎች ነርቭ አሳዳጊ የሚባል ፕሮቲን ያመነጫሉ። የነርቭ ጫፍ ይህን ፕሮቲን በተቀባዮቹ ይይዝና በረጅሙ ክሩ ወደ ሴሉ እምብርት ይልከዋል። በፅንስ ጊዜ ሕመምና ሙቀት የሚለዩት ነርቮች ይህ ካልደረሳቸው ይሞታሉ። ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን ይህንና ሌላ የእድገት ፕሮቲን በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የእብድ ውሻ ቫይረስ ከተቀባዮቹ አንዱን፣ ፒ75 የተባለውን፣ ይጠቀምበታል። ሌላ መግቢያም አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የላብራቶሪ ጥናት እንዳሳየው ግን በፒ75 ሲጓዝ ከነርቭ አሳዳጊው ፕሮቲን ራሱ ይፈጥናል።

ቁስሉ ስለ ደረቀ አደጋው አለፈ ማለት ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ቆዳው ሲሽር ቫይረሱ በነርቭ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ይታያል፤ ንክሻው ለአንጎል በቀረበ ቁጥር ይፈጥናል። ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ለማለት ያስደፍራል። ውሻው ጤነኛ ይመስላል ማለትም አያዋጣም፤ ምልክት ከማሳየቱ ከቀናት በፊት ምራቁ ቫይረሱን ሊይዝ ይችላል።

ብዙዎችን ከጤና ተቋም የሚያርቀው በሆድ ላይ የሚወጋው መርፌ ወሬ ነው። ወሬው መነሻ አለው፤ ከበግ አንጎል የሚሠራው የድሮው ክትባት ለተከታታይ ቀናት በሆድ ላይ ይሰጥ ነበር። ዘመናዊው ክትባት ግን በክንድ፣ በጥቂት ቀጠሮ ያልቃል። ጸበሉን ማንም አይከለክልም፤ ክትባቱን ማስቀረት ግን ሕይወት ያስከፍላል።

ጉዳዩ የሰው ብቻ አይደለም። በስሜን ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም ጥቂት መቶ ብቻ ቀርቷል፤ በባሌ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ይኸው በሽታ ከቀበሮዎቹ ብዙዎቹን ፈጅቷል። በሽታው ከሰፈር ውሻ ወደ ዱር ይሻገራል።

እናንተ ወላጆች፣ ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱትና ክትባት ጠይቁ። የቤታችሁን ውሻም በየዓመቱ አስከትቡ።