ካንዴላው የት ላይ ይበቃዋል?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የአሥራ አምስት ዓመቱ የልጅ ልጄ «አባባ፣ ዛሬ የቮልሷን ካንዴላ እኔ ልቀይር» አለኝ። እሺ ከማለቴ በፊት ትንሽ ዝም አልኩ። ልጁን ሳላምነው ቀርቼ አይደለም፤ እኔው በእሱ ዕድሜ በዚህችው መኪና ላይ ያደረስኩት ጥፋት ትዝ ብሎኝ ነው።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። አንድ ቀን አባቴ ከሥራ እስኪመለስ ላስደስተው ብዬ አራቱንም ካንዴላ ፈትቼ፣ ጠርጌ መለስኩ። እንዳይላሉ ሰግቼ ቁልፉ ላይ ረዘም ያለ ቱቦ ሰካሁና ባለኝ ጉልበት ሁሉ ጠመዘዝኩ። ሦስቱ ቻሉት። የመጨረሻው፣ በግራ በኩል ወደ ውስጥ ተደብቆ ያለው ግን መጀመሪያ ጠንክሮ፣ ቀጥሎ ድንገት ለስለስ አለ። ያቺን ቅጽበት እጄ እስከ ዛሬ አልረሳትም። የቴስታታው ጥርስ፣ መካኒኮች ፊሌቶ የሚሉት፣ ተበልቶ ነበር። እንደምንም አስያዝኩትና ለማንም ሳልናገር ዝም አልኩ።

በማግስቱ አባቴ እናቴን ይዞ ገበያ ሲሄድ ካንዴላው ከነገመዱ ተስፈንጥሮ ወጣ። እናቴ ተኩስ መስሏት ክፉኛ ደነገጠች። ሞተሩ ወርዶ፣ ቴስታታው ተፈትቶ ቶርኖ ቤት ሄደ፤ የዚያ ወር ደመወዝም አብሮት ሄደ። አባቴ አልመታኝም። «መበላሸቱን እያወቅህ ለምን አልነገርከኝም?» ብቻ ነው ያለኝ።

ጥፋቱ የደረሰበትን ምክንያት የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ካንዴላው ብረት ነው፤ የቮልስ ቴስታታ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ የዛሬ መኪኖች አልሙኒየም ነው። ሁለቱ ሲታገሉ የሚሸነፈው ለስላሳው አልሙኒየም ነው። በዚያ ላይ የቮልስ ካንዴላ ጥርስ ርዝመቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የሞተሩን ፍንዳታ ሁሉ ችሎ የሚይዘው ይህች ከጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ቦታ ናት።

ስለዚህ ልጁን አስቀድሜ ሞተሩን እንዲነካው አደረግኩ። ትኩስ ከሆነ አይፈታም፤ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ቀጥሎ በካንዴላዎቹ ዙሪያ ያለውን አቧራ አጸዳን። ሳይጸዳ ከተፈታ አሸዋው ወደ ሲሊንደር ይገባል፤ ጥርሱ መሀልም ገብቶ ይፍቃል።

አዲሱን ካንዴላ ስንመልስ ቁልፍ አልሰጠሁትም። አንድ ቀጭን የጎማ ቱቦ በካንዴላው ጭራ ላይ ሰክቶ በጣቱ እንዲያዞር ነገርኩት። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ግራ ይዞራል፤ ጥርስ ከጥርስ ሲገጥም ጠብ የምትል ነገር እጅ ላይ ትሰማለች። ከዚያ ወደ ቀኝ ነው። ጠሞ ከገባ ጎማው ይንሸራተታል እንጂ ቴስታታውን አይበላም። ቁልፍ ግን ጠማማውንም በግድ ያስገባዋል።

በጣት መዞሩን ሲያቆም ብቻ ቁልፉ ይመጣል። አዲስ ካንዴላ ሥሩ ላይ ቀለበት ካለው ከዚያ በኋላ የሚፈልገው ግማሽ ዙር፣ ቢበዛ ሁለት ሦስተኛ ዙር ነው። ቀለበቱ ተጨፍልቆ ክፍተቱን የሚዘጋው ያኔ ነው። ተፈትቶ የሚመለስ አሮጌ ካንዴላ ቀለበቱ አስቀድሞ ስለተጨፈለቀ በሰዓት ፊት ላይ ከ12 ወደ 1 የመሄድ ያህል ይበቃዋል። ቀለበት የሌለው፣ ሥሩ ሾጠጥ ያለው ዓይነት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ ያለው ሰው ለ14 ሚሊ ሜትር ካንዴላ በአልሙኒየም ቴስታታ ላይ በአብዛኛው ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ይጠቀማል፤ የመኪናውን መመሪያ ማየት ግን ይቀድማል። ጥርሱን ዘይት መቀባትም ጥሩ አይደለም፤ ስለሚያንሸራትት ሳይታወቅ ከልክ በላይ ያስጠብቃል።

ይህ ማለት ግን አላልቶ መተው ይሻላል ማለት አይደለም። የላላ ካንዴላ እመቃ ያስወጣል፤ ሙቀቱንም ለቴስታታው ማስተላለፍ ስለማይችል ከልክ በላይ ይግላል።

ሦስቱን በሰላም ጨረሰ። አራተኛው፣ ያው የተደበቀው፣ ሁለት ዙር ያህል ሄዶ ቆመ። እኔ ልቤ ቆመ። ቁልፉ አጠገቡ ነበር፤ አላነሳውም። ቀና ብሎ «አባባ፣ ጠነከረብኝ። አበላሸሁት መሰለኝ» አለኝ።

አልተበላሸም። ጠሞ ነበር የገባው፤ መልሰን ፈትተን እንደ አዲስ ስንጀምር እስከ ሥሩ በጣት ገባ። ሞተሩ ሲነሳ እሱ የተደሰተው በድምፁ ነው። እኔ የተደሰትኩት እኔ ለአባቴ መናገር ያቃተኝን እሱ ሳይፈራ ስለነገረኝ ነው።

እናቶችና አባቶች፣ አያቶችም፣ ልጆቻችሁ ቁልፍ ልያዝ ሲሉ አትከልክሏቸው። የት ላይ ማቆም እንዳለባቸው አሳዩአቸው። «ጠነከረብኝ» ብለው ሲመጡ ደግሞ አትቆጡ፤ በዚያ ሰዓት ጥርሱ ገና አልተበላም።